በረዶው ከፊት፣ ውሃው ከቅጠል ሥር፦ የቢንሳር ተራራ ደንና የዱር እንስሳቱ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። ከፊታችሁ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለየው የተራራ ሰንሰለት ይታያል። እናንተ በቆማችሁበት ተራራ ዙሪያ ያሉት መንደሮች የሚጠጡት ውሃ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል?

«ከበረዶው ነዋ!» ብትሉ አይፈረድባችሁም። መልሱ ግን እሱ አይደለም። ውሃው የሚመጣው ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ያውም ሳታስተውሉ ረግጣችሁት ካለፋችሁት የረገፈ ቅጠል ሥር። ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ቅጠል፣ ቅጠሉን ስላረገፉት ዛፎች፣ በዛፎቹ መካከል ስለሚኖሩት እንስሳት፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊበላው ስለሚችል እሳት ነው።

ቦታው የት ነው?

ተራራው ቢንሳር ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ሕንድ፣ ኡታራክሃንድ በተባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ከአልሞራ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። አካባቢው ኩማዖን ይባላል። በድሮ ዘመን ኩማዖንን ይገዙ የነበሩት የቻንድ ነገሥታት ሙቀቱ ሲበረታባቸው ወደዚህ ቀዝቃዛ ተራራ ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ 47 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ቦታ የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ ተከለለ። ዋናው ዓላማ በአካባቢው እየሳሳ የሄደውን ሰፋፊ ቅጠል ያለውን የኦክ ደን ማትረፍ ነበር። በክልሉ ውስጥ ዛሬም ጥቂት መንደሮች አሉ፤ ሰው ያርሳል፣ ከብት ያረባል።

«ሂማላያ» ማለት በሳንስክሪት «የበረዶ ቤት» ማለት ነው። ከቢንሳር ጫፍ ሆኖ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ስሙ ይገባዋል። ኬዳርናት፣ ትሪሹል፣ ናንዳ ዴቪ፣ ፓንቻቹሊ የተባሉት ባለ በረዶ ጫፎች በተርታ ይታያሉ። ናንዳ ዴቪ ብቻውን 7,816 ሜትር ከፍታ አለው። ቢንሳር ራሱ ግን ከእነዚህ ግዙፎች ፊት ለፊት የቆመ ታናሽ ተራራ ነው፤ ከፍታው ከግርጌው 900 ሜትር አካባቢ ይጀምርና ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በበረዶዎቹ ጫፎችና በቢንሳር መካከል ጥልቅ ሸለቆዎች አሉ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ወደነዚያ ሸለቆዎች ይወርድና እንደ አላክናንዳ ያሉ ወንዞችን ይዞ ወደ ጋንጅስ ይሄዳል። ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም! ስለዚህ የቢንሳር ሰው በረዶውን በየማለዳው ቢያየውም አይጠጣውም። በአልሞራ አጠገብ የሚያልፈው የኮሲ ወንዝ እንኳ ከበረዶ ግግር የሚነሳ አይደለም፤ በዝናብና በምንጮች የሚኖር ወንዝ ነው። ወንዙም መንደሩም የተንጠለጠሉት በዝናብና ዝናቡን በሚይዘው መሬት ላይ ነው ማለት ነው።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ በአንድ ተራራ

ተራራ ስትወጡ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ከቢንሳር ግርጌ እስከ ጫፉ ያለው ልዩነት 1,600 ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ 10 ዲግሪ ያህል ትቀንሳላችሁ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚሉ ቃላት አሉን። ቢንሳር ሦስቱንም በአንድ ገደል ላይ ደርቦ የያዘ ነው ብላችሁ አስቡት።

ከታች ሞቃትና ደረቅ በሆነው በኩል «ቺር» የተባለው ፓይን ይበዛል። ወደ ላይ ስትወጡ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም ይጨምራል፤ ፓይኑ እየሳሳ ኦክ ይተካዋል። ወደ ጫፉ ሲቃረብ የኦክ ዓይነቱ ራሱ ይለወጣል። አልፎ አልፎም ዴዎዳር የተባለ ረጅም ዛፍ ይታያል፤ እሱ ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው የአርዘ ሊባኖስ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከፍታው ብቻ አይደለም የሚወስነው። ፀሐይ የሚመታው የደቡብ ፊት ቶሎ ይደርቃል፤ ጥላ የሚያዘወትረው የሰሜን ፊት ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። በአንድ ዓይነት ከፍታ ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኛችሁ ሁለት የተለያዩ ደኖች ብታዩ አይግረማችሁ።

የዝናቡ ወቅት ከኛ ክረምት ጋር ይቀራረባል፤ ሞንሱን የተባለው ነፋስ ከሰኔ እስከ መስከረም የዓመቱን አብዛኛውን ዝናብ ያወርዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርዱ ይጠናል፤ ጫፉ ላይ በረዶ የሚጥልበት ጊዜም አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ፀሐዩ እየከረረ፣ መሬቱ እየደረቀ ይሄዳል። ይቺን የመጨረሻዋን ወቅት አስታውሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሁለቱ ዛፎች

ፓይን ከኛ ጥድ ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ። ቅጠሉ እንደ መርፌ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቺር ፓይን ሦስት ሦስት መርፌ በአንድ ላይ አስሮ ያበቅላል። ግንዱ ሙጫ አለው፣ ቅርፊቱም ወፍራም ነው። ዘሩ ክንፍ ስላለው ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ብርሃን ያለበትና የተራቆተ መሬት ካገኘ እዚያው ይበቅላል። ድርቅ ይችላል፣ የተጎሳቆለ መሬት አይፈራም። እንግዲህ ጠንካራ ዛፍ ነው።

ኦክ በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ በተፈጥሮ አይበቅልም። የቢንሳሩ ኦክ «ባንጅ» ይባላል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ የቅጠሉ ፊት ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ጀርባው በጥቃቅን ፀጉር ተሸፍኖ ነጣ ያለ ነው። ያ ፀጉር ዛፉ ውሃ በትነት እንዳያባክን ያግዘዋል። ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሎቹ ይገለበጡና ደኑ ለአፍታ ብርማ ይሆናል። ግንድና ቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ እሱ ሊከን ይባላል፤ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። በአጠገቡ የዛፍ ሽበቱ፣ ፈርኑ፣ ኦርኪዱ ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ጎጆውን ሠርቷል።

ከኦኩ ጋር አብሮ የሚኖር ሌላም ውብ ዛፍ አለ፤ ሮዶዴንድሮን። የአካባቢው ሰው «ቡራንሽ» ይለዋል፤ የኡታራክሃንድ መለያ ዛፍም ነው። ብርዱ ሲያልፍ በደማቅ ቀይ አበባ ይሸፈናል፤ ሰው አበባውን ለቅሞ ጭማቂ ይሠራበታል። በኛ ደጋ ላይ ያለውን አስታ ታውቁ የለ? ሮዶዴንድሮንና አስታ በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ሥራው የሚሠራው መሬት ላይ ነው

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሁለቱም ዛፎች ቅጠል ያረግፋሉ። የረገፈው ቅጠል ምን ይሆናል?

የኦክ ቅጠል መሬት ላይ ወድቆ እርጥበት ሲያገኝ ፈንገስ፣ ባክቴሪያ፣ ትልና ነፍሳት ይረባረቡበታል። ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ብስባሽ ይለወጣል። እጃችሁን ብትከቱበት ልስልስ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የፓይን መርፌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይበላም። ለሚያበሰብሱት ፍጥረታት ምግብ የሚሆናቸው ናይትሮጅን በውስጡ ጥቂት ነው፤ ጠንካራና ሙጫማ ነገሩ ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ሳይበሰብስ ይከማቻል። የአካባቢው ሰው «ፒሩል» ይለዋል። ሲረግጡት እንደ ተወለወለ ወለል ያንሸራትታል፤ ከብትም አይበላውም። የኦክ ቅጠል ግን ለከብት መኖ ይሆናል፤ የተረፈው ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ እርሻ ላይ ይበተናል።

አሁን ከባድ ዝናብ ጣለ እንበል። የዝናብ ጠብታ ትንሽ ብትመስልም ራቁቱን መሬት ስትመታ አፈሩን ትበትናለች። የተበተነው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ውሃው መግቢያ ሲያጣ ቁልቁል ይጋልባል፤ ሲጋልብም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በኦክ ደን ውስጥ ግን ጠብታዋ መጀመሪያ የምታርፈው በቅጠሉ ላይ ነው፤ ከዚያ በረገፈው ቅጠል፣ ከዚያም በብስባሹ ላይ። ብስባሹ እንደ ስፖንጅ ይጠጣታል። ሥሮችና ትሎች የቆፈሯቸው ቀጫጭን መንገዶች ደግሞ ወደ ታች ያሳልፏታል። ውሃው በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርድና ማለፍ የማይችለው ጠጣር ንብርብር ሲገጥመው ወደ ጎን ይሄዳል፤ በመጨረሻ በተራራው ጎን ይወጣል። ያ ነው ምንጭ የምንለው።

የኩማዖን ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በየመንደሩ ምንጩ በሚወጣበት ቦታ በጥርብ ድንጋይ ትንሽ ቤት የመሰለ የውሃ ማጠራቀሚያ ይሠሩ ነበር፤ «ናውላ» ይባላል። አንዳንዶቹ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ከናውላው በላይ ያለውን ዛፍ መቁረጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር። የዝናቡ ወቅት ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ናውላው ውስጥ የምታገኙት ውሃ፣ በክረምት የወረደውና ተራራው ያስቀመጠው ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት አለብን። «ኦክ ካለ ውሃ አለ፣ ፓይን ካለ የለም» ብሎ መደምደም ሳይንስ አይደለም። የምንጭን ዕጣ በመጀመሪያ የሚወስነው ዓለቱ ነው፤ ስንጥቁ የት እንዳለ፣ ንብርብሩ ወዴት እንደሚያዘነብል። ኦክ ራሱም ውሃ ይጠጣል። መንገድ ሲቆረጥ ምንጭ ሊሰደድ ይችላል። ደኑ የሚወስነው ወደ ዓለቱ የሚደርሰው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ዓለቱን መቀየር አንችልም፤ የመሬቱን ሽፋን ግን ማበላሸትም ማዳንም በእጃችን ነው። ነገሩ ደግሞ የቢንሳር ብቻ አይደለም፤ በሕንድ ሂማላያ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች የሚጠጡት ከምንጭ ነው፤ ከነዚህ ምንጮች ብዙዎቹ እየቀነሱ ወይም እየደረቁ ነው።

በደኑ ውስጥ ማን ማን አለ?

የደኑ አለቃ ነብር ነው። ነብር ስንል የኛውን አገር ዥንጉርጉር ነብር ማለታችን ነው፤ ባለ ጥቁር ሰንበሩ ታይገር ሌላ እንስሳ ነው። የቢንሳር ነብርና የኢትዮጵያ ነብር አንድ ዝርያ ናቸው። ይህ እንስሳ ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ እስያ ድረስ በበረሃም በደጋም መኖር የቻለው ምግብ ስለማይመርጥ ነው። አጋዘንም፣ ዝንጀሮም፣ ካጣም ውሻና ፍየል ይበላል። ለዚህ ነው በክልሉ ያሉ መንደሮች ሲመሽ ከብታቸውን ዘግተው የሚያድሩት። ነብሩን በዓይናችሁ ማየት ዕድል ይጠይቃል፤ መኖሩን ግን ሌሎች እንስሳት ይነግሯችኋል።

እንዴት? አንደኛው ነጋሪ «ካካር» የተባለው ትንሽ አጋዘን ነው። ሲደነግጥ ልክ እንደ ውሻ ይጮኻል! መጀመሪያ የሰማው ሰው ውሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ወንዱ ከአፉ ወጣ ያሉ ሹል ጥርሶችም አሉት። በነገራችን ላይ የኛ አገር አጋዘን ቀንድ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልኩን ይኖራል፤ የካካርና የዘመዶቹ ቀንድ ግን ወድቆ እንደገና ያድጋል። ስም ብንጋራቸውም ቤተሰባቸው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነጋሪ ላንጉር ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ ፀጉሩ ግራጫ፣ ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝም ዝንጀሮ። ይህን ስትሰሙ ጉሬዛ ትዝ ካላችሁ ልክ ናችሁ። ላንጉርና ጉሬዛ ቅጠል በል የሆኑ የአንድ ወገን ዝንጀሮዎች ናቸው። ሆዳቸው በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ልክ እንደ ላም፣ በሆዳቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅጠሉን እያብላሉ ይረዷቸዋል። ላንጉሩ ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ነብሩን ካየ ጩኸቱን ይለቀዋል፤ ከታች ያለው አጋዘን ሰምቶ ጆሮውን ያቆማል። ያደባ ነብር ደግሞ አንዴ ከታየ ብዙ ጊዜ አደኑን ትቶ ይሄዳል፤ ሥራው ሁሉ በመደበቅ ነውና።

ገደላማው ላይ ፍየል የመሰለው ጎራል አለ። ጃርትና የዱር አሳማ አሉ። በደረቱ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት የያዘው የእስያ ጥቁር ድብም አለ። ድቡ ለኦክ ደን ልዩ ፍቅር አለው። ከብርዱ በፊት መወፈር ስላለበት የኦክ ፍሬ ይለቅማል፤ ዛፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፎችን ወደ ራሱ እየሰበረ ሲበላ፣ የተሰበሩት ቅርንጫፎች ተደራርበው ጎጆ የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ጎጆውን አይታችሁ «ምን ዓይነት ግዙፍ ወፍ ነው?» እንዳትሉ!

ወፎች ከ200 በላይ ዓይነት ተቆጥረዋል። የኛ ቆቅ ዘመድ የሆኑት ፌዛንቶች ቁጥቋጦ ውስጥ ይሽሎከለካሉ፤ ግንደ ቆርቁሮች ያረጁ ኦኮችን ይደበድባሉ። ብርዱ ሲጠና ከላይኛው ሂማላያ የሚወርዱ ወፎች ይጨመራሉ። ሩቅ አገር አይሰደዱም፤ ተራራውን ወረድ ብቻ ይላሉ። ወደ ላይኛው ሂማላያ ደግሞ ስሜን ተራሮች ላይ የምናውቀው፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ ይኖራል።

ከነዚህ ሁሉ ለደኑ ወሳኝ ከሆኑት አንዱ ግን ማንም የማያስበው ነው፤ ጄይ የተባለ የቁራ ቤተሰብ ወፍ። የኦክ ፍሬ ከባድ ነው፤ ነፋስ አይወስደውም። ከወደቀም እናቱ ሥር ነው የሚወድቀው። ዳገት ሊወጣ የሚችለው የሚሸከመው ካገኘ ብቻ ነው። ጄይ ፍሬውን በአፉ ይዞ ይሄድና ለክፉ ቀን ብሎ አፈር ውስጥ ይቀብረዋል። ከቀበረው ሁሉ ተመልሶ አያገኘውም። ያልተገኘው ፍሬ ይበቅላል። የፓይን ዘር ነፋስ ይበቃዋል፤ ኦክ ግን እንስሳ ያስፈልገዋል። ኦኩ እንስሳቱን ይመግባል፣ እንስሳቱም ኦኩን ይተክላሉ። አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይጎዳል።

እሳቱ

አስታውሷት ያልናችሁ ወቅት አሁን መጣች። ፓይን መርፌውን በብዛት የሚያረግፈው ከመጋቢት ጀምሮ ነው፤ ልክ ፀሐዩ ሲከርና አየሩ ሲደርቅ። ሙጫ ያለበት ደረቅ ፒሩል በዳገቱ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥንቃቄ የጎደለው ሰው። የሂማላያ ኮረብታዎች እሳት በአብዛኛው ሰው ያስነሳው ነው። የተጣለ ሲጋራ ሊሆን ይችላል፤ የእርሻ ዳር አረም ሲቃጠል ያመለጠ እሳት ሊሆን ይችላል፤ ትኩስ ሣር ቶሎ ይብቀል ተብሎ የተለኮሰም አለ።

እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል። ለምን? ነበልባሉ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ገና ያልተቃጠለውን በሙቀቱ አስቀድሞ ያደርቀዋል። የሚነድ የፓይን ፍሬ ደግሞ ቁልቁል እየተንከባለለ ከታች አዲስ እሳት ይለኩሳል። እሳት አጥፊው ከላይም ከታችም ሊከበብ ይችላል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2024 በዚሁ በቢንሳር እሳት ለማጥፋት የወጡ አራት የደን ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ፤ ሌሎች አራት ደግሞ ክፉኛ ተቃጠሉ። ስለ ቅጠል መበስበስና አለመበስበስ የምናወራው ለዚህ ነው።

እሳቱ ካለፈ በኋላስ? እዚህ ላይ ልብ በሉ። ትልቁ ፓይን ወፍራም ቅርፊቱ ያድነዋል። የኦክ ችግኝ ግን ይቃጠላል፤ ብስባሹም አብሮ ይነዳል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ብርሃኑም ይበዛል። ራቁት መሬትና ብርሃን የሚፈልገው ዘር የማን ነበር? የፓይን! ስለዚህ ፓይን ይስፋፋል፤ ፓይን ሲስፋፋ ፒሩል ይበዛል፤ ፒሩል ሲበዛ እሳት ይበዛል፤ እሳት ሲበዛ እንደገና ፓይን ይስፋፋል። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ራሱን በራሱ የሚያጠነክር ዑደት ግብረ መልስ ይሉታል። አንዴ ከተጀመረ በራሱ አይቆምም፤ አንድ ቦታ ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ ፓይን ጠላት ነው?

አይደለም። ቺር ፓይን ከውጭ የመጣ ዛፍ ሳይሆን የሂማላያ ተወላጅ ነው። ድንጋያማና ደረቅ ዳገት ላይ ከሱ የተሻለ የሚይዝ የለም። ጥያቄው ከተፈጥሮ ቦታው አልፎ እንዲህ እንዲበዛ ያደረገው ምንድነው ነው።

መልሱ የሰው ታሪክ ውስጥ አለ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ፓይንን ይወዱት ነበር። ከሙጫው ተርፐንታይን ይወጣል፤ እንጨቱም ይሸጣል። ኦክ ለነሱ ያን ያህል ገበያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1917 የኩማዖንን ሰፊ ደን በመንግሥት ሥር አደረጉት፤ ገበሬው እንደ ልቡ መኖ መቁረጥና ከብት ማሰማራት ተከለከለ። ሕዝቡ ዝም አላለም። በ1921 በተቃውሞ ብዙ የመንግሥት ደን ተቃጠለ። ታሪክ ጸሐፊው ራማቻንድራ ጉሃ እንዳሳየው፣ የተቃጠለው በዋናነት የፓይን ደን ነበር፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ደን በአብዛኛው አልተነካም። ሰው የተናደደው በዛፍ ላይ ሳይሆን፣ የሚኖርበትን ደን በወሰደበት አስተዳደር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ1931፣ የመንደር ሰዎች የራሳቸውን ደን በመረጡት ምክር ቤት የሚያስተዳድሩበት ሕግ ወጣ። እነዚህ የመንደር የደን ምክር ቤቶች ዛሬም አሉ።

ኦኩ ላይ የደረሰው ጫና ግን ከቅኝ ገዢ ብቻ አይደለም። መኖና ማገዶ ሲባል ቅርንጫፉ በየዓመቱ ከተመለመለ ዛፉ ፍሬ ማፍራት ያቅተዋል። የበቀለችውን ጥቂት ችግኝ ደግሞ ከብት ይበላታል። ያረጁ ኦኮች ቆመው ልጅ የሌላቸው ደን ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ደን ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታች፣ ወደ ችግኙ መመልከት ያስፈልጋል።

ዑደቱን የት ላይ እንቁረጠው?

የመጀመሪያው ቦታ ፒሩሉ ነው። እሳት ከመምጣቱ በፊት ተለቅሞ ከተነሳ የሚነደው ነገር ይቀንሳል። ፒሩሉ ለከብት ጉዝጓዝ ይሆናል፤ ተጨምቆም እንደ ከሰል የሚነድ ብሪኬት ይሠራበታል። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ከነዋሪዎች ፒሩል መግዛቱም ለዚህ ነው። ለቃሚዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ዳገት ላይ በሚያንሸራትት መርፌ መካከል ሸክም ተሸክሞ መውረድ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው ቦታ የእርሻው ዳር ነው። በዚያው በአልሞራ አውራጃ ሲትላኬት በተባለ አካባቢ የመንደር ሰዎች አንድ ቀላል ስምምነት አደረጉ፤ የእርሻ አረም የሚቃጠለው ማርች ከማለቁ በፊት፣ ፒሩሉ ሳይበዛና ሙቀቱ ሳይከር ብቻ ነው። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ዳገቱ ነው። ከምንጩ በላይ ትናንሽ የውሃ መያዣ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ የኦክ ችግኝ ይተከላል፤ እስኪጠነክር ከከብት ይጠበቃል። ኦክ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚተክለው ሰው ጥላውን ላያርፍበት ይችላል። ለዚህ ነው የቆመውን ደን መጠበቅ አዲስ ከመትከል የሚቀድመው።

እናንተም ሞክሩት

ይህን ሁሉ እኛ ስላልን ብቻ አትመኑ፤ ሞክሩት። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አምጡና በትልቅ ሰው እርዳታ አንድ ጎናቸውን በቁመቱ ቁረጡ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አፈር ሙሉ። አንዱን ራቁቱን ተዉት፤ ሌላውን በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት። አፋቸው ወደ ታች እንዲያዘነብል በጡብ ላይ አስደግፏቸውና ክዳናቸውን ከፍታችሁ ከሥር ብርጭቆ አስቀምጡ። ከዚያ በቀዳዳ ክዳን እኩል ውሃ እንደ ዝናብ አርከፍክፉባቸው።

ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የቱ ብርጭቆ ቶሎ ሞላ? የቱ ደፈረሰ? ማርከፍከፉን ስታቆሙ የቱ ለረጅም ጊዜ መንጠባጠቡን ቀጠለ? ጎበዝ ከሆናችሁ ሦስተኛ ጠርሙስ ጨምሩ፤ ቅጠሉን የባሕር ዛፍ አድርጉት፣ ወይም ግማሽ የበሰበሰ ብስባሽ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ግምታችሁን ጻፉ። ግምታችሁ ሳይሳካ ቢቀር አትዘኑ፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።